የአቀስታ ዳገት መርፌ

አምቡላንሱ ደሴ ሳይደርስ ተመለሰ። ሳይረኑ አይጮህም። በግል የተከፈተው ሆስፒታል በር ላይ የቆመው ሰው ያኔውኑ ገባው።

ኢንስፔክተር የኔአለም ስትደርስ የጎን መስታወቱ ረግፏል። ሾፌሩ መሪው ስር ተጣጥፎ ገብቷል። ነርሷ የኋላውን በር ከውስጥ ይዛለች። ከሰዉ መሃል አንዱ፣ እግሩ የተሰበረ ሰው ይሞታል እንዴ፣ ገደሉት እንጂ ይላል። ሌላው ድንጋይ ይመርጣል።

የሞተው ሀቢቡላህ ነው፤ የሆስፒታሉ የራሱ ጥበቃ። ጠዋት ከጭነት መኪና ላይ ወድቆ ጭኑ ተሰበረ። ደሴ ሄዶ እንዲታከም ተጫነ። ሬሳ ሆኖ መጣ።

የኔአለም በሩን አስከፈተች። ሳጅን ይሄነው ነርሷን በካፖርቱ ሸፍኖ አወጣት። ውስጥ የቀሩት እናትየው ናቸው፣ እማማ ሀጀራ። የልጃቸውን እጅ ይዘዋል። አያለቅሱም።

"አንቺ ነሽ ፖሊሷ?"

"ነኝ እማማ። አላህ ያጽናዎት።"

"ማን ገደለው ብዬ አልጠይቅሽም፤ እሱን አላህ ያውቀዋል። አንድ ነገር አጣሪልኝ። ሸሃዳውን ጆሮው ላይ ብዬለታለሁ። ነርሷ በመድኃኒቱ ተኝቶ ነበር ትላለች። ተኝቶ ከነበረ ያቺን የመጨረሻ የእምነት ቃል ሳይሰማ ሄደ ማለት ነው። ሰምቶኛል? እሱን ብቻ።"

የኔአለም አጣራለሁ አለች። ያለችው ከመኪናው እንዲወርዱላት ነው።

ሬሳው ለምርመራ ይሂድ ብላ ነበር። ሽማግሌዎቹ አዳምጠዋት ሲያበቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሰዉ ድንጋዩን ገና አልጣለም። ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረ። እሷ እጅ ላይ የቀረው መስታወቱ የረገፈ አምቡላንስ ነው።

*

ነርሷ መቅደላዊት ትባላለች። ገና ከኮሌጅ የወጣች። የሥራ ልብሷ ላይ ትውከት ደርቋል፤ የራሷ ነው። መንገዱ ሁሌም ሆዷን ይገለብጠዋል።

የነገረቻት ይሄ ነው። ሀቢቡላህ ከተማውን ሳይለቁ ጀምሮ ይጮህ ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር የተሰበረው አጥንት ይላወሳል። ወደ አቀስታ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምሩ ኬታሚን ሰጠችው፣ በክንዱ ላይ በገባው የግሉኮስ ቱቦ። ጸጥ አለ። ተኛ ብላ አመሰገነች። ወዲያው ትውከቱ መጣባት፤ ፌስታል ውስጥ ተደፍታ ቀረች። ዳገቱ ጫፍ ሲደርሱ እናትየው እጁ ቀዘቀዘ አሉ። ፊቱ ላይ የነበረውን ነጠላ ስታነሳው ከንፈሩ ጠቁሯል። በአምቡ፣ በእጅ በሚጨመቀው የአየር ፊኛ፣ ነፋችለት። ደረቱን ተጫነችው። አልተመለሰም።

"ኬታሚን ይገድላል?"

"አይገድልም። ሕመም ይወስዳል፣ ያደነዝዛል፤ ትንፋሽ ግን አይነካም። ለመንገድ የሚመረጠው ለዚያ ነው።"

"መርፌውን ራስሽ ነሽ የሳብሽው?"

"ራሴ ነኝ፣ ከቢልቃጡ።"

ጥያቄው ሳያልቅ ነው የመለሰችው። የኔአለም አልወደደችውም።

*

ይሄነው ግን ሾፌሩን ነው የያዘው። ንጉሡ ይባላል። ከሟቹ ጋር በር ላይ ተደባድቧል፣ በቅርቡ። ንጉሡ አምቡላንሱን እንደ ሚኒባስ ሰው ይጭንበታል፤ ሀቢቡላህ ደግሞ በሩን አልከፍትም ይላል። እማማ ሀጀራም መኪናው መንገድ ላይ ቆሞ እንደነበር ተናግረዋል።

"የትም አልቆምኩም" አለ ንጉሡ። "ወላሂ አልቆምኩም።"

"አንተ ክርስቲያን አይደለህ እንዴ?" አለው ይሄነው።

"ነኝ። ማርያምን ብዬ መዋሸት እፈራለሁ።"

ይሄነው ሳቁን መያዝ አቃተው። የኔአለም አልሳቀችም። ተነስታ አምቡላንሱ ጋ ሄደች፣ የፊተኛውን ወንበር ገልብጣ አየች። የበግ በጠጥ።

ከዚያ በኋላ ንጉሡ ሁሉንም አፈሰሰው። ደሴ ላለ አማቹ ሁለት በግ ለመጫን ቆሟል። የበጎቹን ባለቤት ይሄነው ፈልጎ አገኘው። ሰውዬው አፍሮ መሬት መሬት እያየ ነው ያወራው። በጎቹን ሲጭኑ ከኋላ ያለው በሽተኛ ይጮህ እንደነበር፣ ንጉሡ ደግሞ እሱን ተወው፣ ሁለተኛዋን ያዝልኝ እንዳለው። እንግዲህ ሀቢቡላህ ከዚያ ሲነሱ በሕይወት ነበር። ሾፌሩ ወደ ኋላ አልዞረም፤ መሃላቸው ግድግዳ አለ።

"በጎቹስ የት ደረሱ?" አለች የኔአለም።

"አቀስታ አወረድኳቸው።"

"ሬሳ ይዘህ?"

"ስመለስ ሰው እንዳያየኝ ብዬ።"

ከቢሮዋ አስወጣችው። ሌባ ነው፣ ውሸታም ነው፣ ገዳይ ግን አይደለም። ቀኑን በልቶባታል።

*

ሰመመን ሰጪው ምስክር ይባላል፤ የተቀበላት በፈገግታ ነው። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ ይወደዋል። ኦፕራሲዮን ክፍል በሽተኛ የሚያስተኛው እሱ ብቻ ነው፤ ተተኪ የለውም። ያን ዕለት ሴቶች በኦፕራሲዮን ሲያዋልዱ ውለዋል። ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር መለሰ መሰከረለት፦ ምስክር ከግቢው አልወጣም፣ አምቡላንሱን አልነካውም፣ በሽተኛው ሲሸኝ አይቶት ብቻ ተመልሷል።

ምስክር መድኃኒቶቹን አንድ በአንድ ዘረዘረላት። ሞርፊንና ፔቲዲን ለከባድ ሕመም ናቸው፤ ሲበዙ ትንፋሽ ያፍናሉ። ዲያዜፓም ያረጋጋል። ኬታሚን አይገድልም፤ ግን በአንድ ጊዜ ከተለቀቀ አዲስ እጅ ሊሳሳት ይችላል።

"ልጅቷ ልጅ ናት" አለ። "አትፍረጂባት። ሁላችንም ስንጀምር ተሳስተናል።"

ማን ፈረደባት? የኔአለም ስሟን እንኳ አላነሳችም።

ስትወጣ የሆስፒታሉን ኃላፊ ጠራችው። የሕመምና የእንቅልፍ መድኃኒት ሁሉ ተቆልፎ ቁልፉ ኃላፊው ኪስ ይግባ፤ ለበሽተኛ የሚያስፈልገውን ዶክተር መለሰ ፖሊስ ባለበት ይውሰድ፤ ሌላ ሰው አይንካ አለችው። የጠረጠረችው ነገር የለም። እንዳይነካካ ብቻ ነው። ምስክር ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰማት። ፈገግታው ትንሽ ዘገየ።

*

የአምቡላንሱን የመርፌ መጣያ ካርቶን ጋዜጣ ላይ ዘረገፈችው። አንድ ሲሪንጅ አለ፤ ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት በእስክሪብቶ "ኬታሚን" ተጽፎበታል። አንድ የኬታሚን ቢልቃጥ አለ፤ ክዳኑ የተነሳ፣ ሙሉ ሊባል የሚችል። ትንሽ ነው የወሰድኩት ብላለች መቅደላዊት፤ ይሆናል።

ቢልቃጡን ወደ መስኮቱ ዘረጋችው። አፉ ላይ ያለችው ጎማ ልሙጥ ናት።

"ይሄነው፣ ሌላ ቢልቃጥ አምጣና ውጋው።"

ወጋው። ሲነቅለው ጎማው ላይ ነጥብ ቀረ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ። የመቅደላዊት ቢልቃጥ አልተወጋም።

"እና ከየት ሳበችው?" አለ ይሄነው።

"አልሳበችውም።"

*

እማማ ሀጀራ በነጋታው ጣቢያው በር ላይ ነበሩ። በተከታዩም ቀን። ሌላ ነገር አይናገሩም። ሰምቷል ወይ ይላሉ፣ ገና ነው ይሏቸዋል፣ ይሄዳሉ። በሁለተኛው ቀን የኔአለም አስገባቻቸው። ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አለች፤ ምንም አይዝለሉ።

"ልጅቷ መርፌውን ከደረቷ አወጣችው" አሉ።

"ከሣጥኑ አይደለም?"

"ከደረቷ፣ ከጡት መያዣዋ። ቱቦው ላይ ሰካችና ገፋችው። ከዚያ ዞራ ማስመለስ ጀመረች።"

"እሱስ?"

"ሥጋው ተንቀጠቀጠ። እሱ አይደለም የተንቀጠቀጠው፣ ሥጋው ነው። ፈረስ ዝንብ ሲያርፍበት ቆዳው አይርገበገብም? እንደዚያ። ከፊቱ ጀመረ፣ ወደ ደረቱ ወረደ፣ እስከ እግሩ። ከዚያ ለቀቀው።"

"ነርሷን አልጠሯትም?"

"ለምን እጠራታለሁ? ጅኒው ነው የወጣለት። ከመኪና የጣለውም እሱው ነው። ሲለቅ እንደዚያ ነው፤ የጎረቤቴን ልጅ ሲለቃትም አይቻለሁ። አልሀምዱሊላህ ነው ያልኩት።"

"ዓይኑ ተከድኖ ነበር?"

"ክፍት ነው። ጣሪያውን ያያል። እንባ ወረደው፤ አቧራው ነው ብዬ ጠረግኩለት። መስኮቱ አይገጥምም፣ አቧራው ይገባል፤ ፊቱን በነጠላዬ ሸፈንኩት። የታመመ ሰው ሲተኛ ሸሃዳ እልበታለሁ፣ ልማዴ ነው። ጎንበስ ብዬ ጆሮው ላይ አልኩት። ከዚያ እንዳይነቃብኝ ዝም አልኩ።"

የኔአለም የጻፈችውን ከላይ ጀምራ አነበበችው።

"እና ሰምቷል?" አሉ።

"ነገ ይምጡ እማማ።"

*

ደሴ የምታውቀው ሐኪም አለ። ደወለችለት። የፈረሱን ቆዳ ነገረችው። እንደገና ንገሪኝ አላት። ነገረችው።

"ኬታሚን አይደለም" አለ። "ሳክስ እንለዋለን። ጡንቻን የሚያሽመደምድ ነው። ጉሮሮ ውስጥ የመተንፈሻ ቱቦ ለማስገባት ነው የምንሰጠው። ግን መጀመሪያ ሰውየውን እናስተኛለን፣ ከዚያ እኛ እንተነፍስለታለን።"

"ሳያስተኙ ከሰጡትስ?"

"ነቅቶ ይቀራል። ያያል። ይሰማል። የተሰበረው እግሩ እንደ በፊቱ ያመዋል። ጣቱን ማንቀሳቀስ አይችልም፣ መጮህ አይችልም፣ አየር መሳብ አይችልም። እስኪጠቁርበት ድረስ ሁሉን ያውቃል።"

"ይተርፍ ነበር?"

"መድኃኒቱ ወዲያው ነው የሚለቀው። ፊቱን ያየ ሰው ቢኖርና በአምቡ ቢነፋለት ይተርፍ ነበር።"

የኔአለም እስክሪብቶዋን ጣለችው። ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር ጨመረ። ኬታሚን መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነው። ሳክስ ግን ፍሪጅ ውስጥ።

*

ለቅሶ ቤት የሟቹን ሚስት አገኘቻት። ባሲማ አራስ ናት። እዚያው ሆስፒታል ሆዷ ተቀዶ ነው የወለደችው። ሕፃኑን ጡት ላይ አድርጋ በሹክሹክታ ነው ያወራችው፣ ሴቶቹ እንዳይሰሟት።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ የሕመም መርፌ ወጓት። ምንም አልቀነሰላትም። ሌሊቱን ስትጮህ አደረች። ጎኗ የተኛችውም ትጮሃለች፣ ከእሷ ቀጥላ ያለችውም። ነርሶቹ ቻሉት እንጂ፣ የሀገር ሴት እንዲህ ናት ወይ እያሉ ይቆጧቸው ነበር። ሀቢቡላህ ሰምቶ መጣ።

"ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አለኝ። መርፌው ውሃ ነው አለኝ። መድኃኒቱን የሚወስድ ሰው አይቻለሁ፣ ከመጋዘን ጀርባ ጫማውን አውልቆ በእግሩ ጣት መሃል ይወጋል። ወይ ይተዋል ወይ እናገራለሁ አለኝ።"

"ማን እንደሆነ ነገረሽ?"

"ስሙን አልነገረኝም። ዕድል ልስጠው፣ ሰው ነው አለ።"

ሕፃኑ ማልቀስ ጀመረ። የኔአለም ተነሳች።

*

መቅደላዊት ሁለቱን ቢልቃጦች ስታይ ግድግዳውን ተደገፈች።

"ክዳኑን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ ከሞተ በኋላ" አለች። "መውጋቱን ረሳሁት።"

"መርፌውን ማን ሳበው?"

"ሌላ ሰው የሳበውን መስጠት ክልክል ነው። ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ግን ሁላችንም እንሰጣለን። መኪናው ይዘላል፣ ዳገቱ ላይ ቢልቃጥ ይዘሽ መርፌ መሳብ አትችይም። እሱ ስቦ፣ ፕላስተር ለጥፎ፣ ጽፎ ይሰጠናል። ሁሌ ነው። ደግነቱ ነው የሚመስለን።"

"ሲሰጥሽ ምን ይመስል ነበር?"

"እንደማንኛውም። ውሃ ነው የሚመስለው።"

"ስትይዢውስ?"

አሰበች። "ቀዝቃዛ ነበር። ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ በላብ ተጠምቄያለሁ። ደረቴ ውስጥ ስከተው ዘለልኩ። እንዲያውም ደስ አለኝ።"

"ስሙን።"

"ምስክር" አለች። ከዚያ የተናገረችው ለራሷም ገባት፣ አፏን በሁለት እጇ ያዘች።

*

ይሄነው አሁኑኑ እንያዘው አለ። የኔአለም እምቢ አለች። ሲሪንጁ ላይ የቀረው ጠብታ ለምርመራ አዲስ አበባ ሄዷል፤ መልሱ መቼ እንደሚመጣ ፈጣሪ ነው የሚያውቀው። ምስክር እኔ ኬታሚን ነው የሰጠኋት፣ እሷ ለወጠችው ቢል ማን ይመልስለታል? ሬሳው ተቀብሯል። ይቆይ፣ ቁም ሳጥኑ እንደተቆለፈ ነው አለች።

አንድ ቀን አቆየችው። ከዚያ አስጠራችው።

ምስክር ሲገባ ፈገግታው የለም። ያዛጋል። አፍንጫውና ዓይኑ ይፈሳሉ። ክንዱ ላይ ያለው ፀጉር ሁሉ ቆሟል፣ ላባዋ የተነጨ ዶሮ መስሏል። ይሄነው ከልቡ አዘነለት፣ ጉንፋን ነው፣ ዳማከሴ ላምጣልህ አለው። የኔአለም ምላሱን ነክሶ ዝም እንዲል በዓይኗ ነገረችው።

ጠረጴዛው ላይ ሲሪንጅ አስቀመጠች። የተለጠፈበት ፕላስተር በምስክር እጅ የተጻፈ ነው፤ ከኦፕራሲዮን ክፍሉ ትሪ ያነሳችው።

"ከአምቡላንሱ ነው" አለች። "መቅደላዊት ሁለተኛውን አልነካችውም።"

"ሁለት አልሰጠኋትም።"

"እንግዲያ አንዱን ሰጥተሃታል።"

ከንፈሩን ላሰ። "ሰጥቻት ይሆናል። ኬታሚን ነው። ለሁሉም እሰጣለሁ።"

"ያምሃል አይደል? ጫማህን አውልቅ አልልህም፣ አውቃለሁ። ውሰደው። ፊታችንን እናዞርልሃለን።"

ሲሪንጁን አየው። እጁ ጠረጴዛው ላይ ወጣ፣ ተመለሰ። በዚያ ሁኔታ ያለ፣ ሱሱ የተቋረጠበት ሰው ኬታሚን ቢያገኝ ጠረጴዛውን ዘሎ ነው የሚያነሳው።

"አልፈልግም።"

"ይሄነው፣ እጅጌውን ሰብስብለት።"

ይሄነው ያዘው። የኔአለም የመርፌውን ክዳን ነቅላ ወደ እሱ መጣች። ቸኩላም አይደለም። ክንዱን ዳበሰች፣ ደም ሥር እንደምትፈልግ። መርፌው ሲነካው ወንበሩን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ።

"ተይ። ይገድለኛል።"

"ኬታሚን አይገድልም ብለኸኛል።"

"ኬታሚን አይደለም። አይደለም አልኩሽ።"

የኔአለም ሲሪንጁን ወለሉ ላይ አፈሰሰችው።

"የቧንቧ ውሃ ነው" አለች። "ለወላዶቹም እንደዚህ ነበር የምትሰጣቸው።"

የቀረው አላስቸገረም። ከመጫኑ በፊት ሀቢቡላህ አልጋ ላይ ሆኖ የምስክርን ጋውን ጨምድዶ ይዞታል፤ በጩኸት መሃል፣ ደሴ ስደርስ እናገራለሁ፣ አንተ ነህ የምታስጮኸን ብሎታል። ምስክር ሄዶ ፍሪጁን ከፈተ። ሞርፊን ለምን አልሰጠኸውም፣ ቢያንስ ተኝቶ ይሞት ነበር አለችው። ሞርፊን ለራሱ ያስፈልገው ነበር።

"እንደሚሰማው ታውቃለህ?"

"ሥራዬ ነው" አለ። አፍንጫውን በእጅጌው ጠረገ። "ትንሽ ፔቲዲን አስመጪልኝ። ሁሉንም እፈርማለሁ።"

በብርጭቆ ውሃ ሰጠችው።

*

መቅደላዊት በጀርባ በር ወጣች። ቤተሰቦቿ ደጎሎ ናቸው፤ ሚኒባስ ላይ አሳፈሯት። ማንንም አልተሰናበተችም።

እማማ ሀጀራ በፊት በር ናቸው፣ እንደ ሁልጊዜው። የገበያ ቀን ነው፤ ጤፍና በርበሬ የጫኑ አህዮች በአጠገባቸው ያልፋሉ።

"ያዝሽው አሉኝ።"

"ያዝኩት።"

"ተይው እሱን። ሰምቷል ወይ?"

የኔአለም ሳትተኛ ነው የሰነበተችው። ቤቷ መሄድ ትፈልጋለች። ደግሞም ከዚህ ሁሉ ቆሻሻ ውስጥ ለእኚህ ሴት የሚሰጥ አንድ ደህና ነገር ይሄ ብቻ መሰላት፤ እውነትም ነው።

"ሰምቷል እማማ። ሐኪሙ ነግሮኛል። አልተኛም ነበር፣ እርስዎ ያሉትን ሁሉ ሰምቷል።"

የአሮጊቷ ፊት በራ። አልሀምዱሊላህ አሉ። የኔአለምን እጅ ይዘው ሳሙት፤ ልትነጥቃቸው ብትል አልለቀቁም። አላህ ልጆችሽን ያሳድግልሽ ብለው መረቋት። ዞረው ሄዱ። አህያ ሊያሳልፉ ቆሙ። አህያዋ አለፈች፤ እሳቸው ቆመው ቀሩ።

ተመለሱ።

"ሸሃዳውን ያልኩት ከሸፈንኩት በኋላ ነው" አሉ።

የኔአለም ወደ አህዮቹ አየች።

"ከነጠላው ስር ነቅቶ ነበር ማለት ነው። ያየኝ ነበር። እንባው የአቧራ አልነበረም።"

"እማማ፣ የገደለው ታስሯል። ሌላ ማንም ጥፋት የለበትም።"

"ያቺ ልጅ ፊቱን ብታየው ታድነው ነበር?"

አይ ማለት ነበረባት። ቀላል ነው፣ አንድ ቃል ናት። ሰው ሁሉ ፊቷ ላይ ሲዋሽ የሰነበተባት ሴት ናት፤ የራሷ ውሸት ግን አፏ ላይ ዘገየባት። ያ መዘግየት በቃቸው።

"ታድነው ነበር" አሉ ራሳቸው። ድምፃቸው አልተለወጠም። "እንግዲያ እኔንም እሰሪኝ።"

"ይግቡ ቤትዎ።"

"ሽፋኑን ያለበስኩት እኔ ነኝ። እሰሪኝ።"

ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ዘረጉላት። የኔአለም እጃቸውን ይዛ ልታወርደው ሞከረች፤ አልወረደም፣ እንጨት ነው። ገበያተኛው ቆሞ ማየት ጀመረ። ይሄነው ከውስጥ ስልክ ይፈልግሻል ብሎ ተጣራ። አልገባችም፤ ከተዘረጉት እጆች ፊት ቆማ ቀረች።